ኮዴ ይሠራል፤ ስሙን ለምን ልቀይር?

በዚህ ወር የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከጎጃም ናቸው። ነገራቸውም ተቀራራቢ ነው። ኮድ ጽፎ ለሌላ ሰው ያሳየ ሁሉ አንድ ቀን «ይህን ስም ቀይረው» ይባላል፤ በተለይ ከርነል ላይ የሚሠራ። (ከርነል ማለት ፕሮግራሞችን ከሃርድዌሩ ጋር የሚያገናኘው የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ነው፤ እዚህ የምናወራው ስለ ሊኑክስ ከርነል ነው። ስም የምንለው ደግሞ ለቫሪያብል፣ ማለትም ኮዱ ውስጥ ዋጋ ለሚይዝ ነገር፣ ወይም ለፈንክሽን፣ ማለትም አንድ ሥራ ለሚሠራ የኮድ ክፍል፣ የሚሰጠውን ነው።) ብዙዎቻችሁ በዚህ አስተያየት ተበሳጭታችኋል። ስለዚህ የዛሬውን ገጽ ሙሉውን ለእሱ ሰጥቼዋለሁ።

ከደብረ ማርቆስ

«ጋሼ፣ ሰላም ነው? ለአንድ ድራይቨር (ከርነሉን ከአንድ መሣሪያ ጋር ለሚያነጋግር ኮድ) ትንሽ ማስተካከያ ጽፌ ላክሁ። ቦርዱ ላይ ሞክሬዋለሁ፣ ይሠራል። የመጣልኝ መልስ ግን ስለ ሎጂኩ አንድም ቃል የለውም። ‹ቫል› ምንድን ነው? ‹ታይምአውት› በምን ይለካል? ‹ፍላግ› እውነት ሲሆን ምን ሆነ ማለት ነው? በቃ ይኸው ነው። ለስም ብሎ ፓች (የላክሁትን ማስተካከያ) መመለስ ምን ይሉታል? ደግሞ የራሳቸው ኮድ ‹አይ› እና ‹ቴምፕ› በሚሉ ስሞች የተሞላ ነው። እኔ ላይ ሲሆን ነው?»

ወንድሜ፣ መጀመሪያ እንኳን ላክህ። ስንቱ ሰው ኮዱን ላፕቶፑ ላይ አስቀምጦ ነው የሚቀረው።

አሁን ወደ ነገሩ። የተጠየቅካቸው ሦስቱም የሎጂክ ጥያቄዎች ናቸው። ታይምአውቱን ቀረብ ብለን እንየው። ከርነል ውስጥ «ስኬጁል_ታይምአውት» የሚባለው ፈንክሽን ጊዜን የሚቀበለው በጂፊ ነው። ጂፊ ከርነሉ የሚቆጥረው አንድ የሰዓት ምት ነው። በሰከንድ ስንት ምት እንደሚኖር የሚወስነው ኤችዜድ የሚባል ቁጥር ሲሆን፣ እሱም ከርነሉ ሲገነባ ይመረጣል፤ 100፣ 250፣ 300 ወይም 1000 ሊሆን ይችላል። አንተ «ታይምአውት» ውስጥ 5000 አስገባህ እንበል። በልብህ 5000 ሚሊሰከንድ ነው፣ ማለትም 5 ሰከንድ። ኤችዜድ 1000 የሆነበት ቦርድ ላይ ልክ 5 ሰከንድ ይጠብቃል። ደስ ይልሃል። ያው ኮድ 250 ላይ ሲሮጥ 20 ሰከንድ ይጠብቃል። 100 ላይ ደግሞ 50 ሰከንድ። ኮምፓይለሩ (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው ፕሮግራም) ትንፍሽ አይልም፤ ለእሱ ሚሊሰከንዱም ጂፊውም ያው ቁጥር ናቸው። «ሞክሬዋለሁ፣ ይሠራል» ያልከው እውነት ሊሆን ይችላል። የሞከርከው ግን በአንድ ኤችዜድ ብቻ ነው።

ስሙን «ታይምአውት_ኤምኤስ» ብትለው ምን ይለወጣል? ማሽኑ ጋ ምንም። አንባቢው ጋ ግን ሁሉም ነገር ይለወጣል። «ኤምኤስ» የሚል ነገር ጂፊ የሚቀበል ፈንክሽን ውስጥ በቀጥታ ሲገባ ያየ ሰው ወዲያው ይነቃል፤ «መሀል ላይ ‹ኤምሴክስ_ቱ_ጂፊስ› የታለ?» ይልሃል፤ ሚሊሰከንድን ወደ ጂፊ የሚቀይረው ፈንክሽን ማለቱ ነው። ባጉን (ስህተቱን) ያገኘው ስሙ ነው። ገበያ ወጥተህ አንዱ «አሥር ሰፍሬልሃለሁ» ቢልህ፣ በቁና ነው በጣሳ ሳትለው ገንዘብ አትቆጥርም። ሪቪወሩም (ኮድህን የገመገመው ሰው) የጠየቀህ ይህንኑ ነው።

መጠንም እንደዚያው ነው። «ሳይዝ» የሚል ቫሪያብል ውስጥ 8 ተቀምጧል። ስምንት ምን? ባይት ከሆነ 8 ነው። ሴክተር (የዲስክ ቁራጭ) ከሆነ፣ የከርነሉ ብሎክ ክፍል ሴክተርን በ512 ባይት ስለሚቆጥር፣ 4096 ባይት ነው። ፔጅ (የሜሞሪ ቁራጭ) ከሆነ ደግሞ፣ ተራው ኢንቴል ማሽን ላይ አንድ ፔጅ 4096 ባይት ስለሆነ፣ 32768 ባይት ነው። በዚያ ላይ ባለ 64 ቢት አርም ማሽኖች ላይ ፔጅ 4፣ 16 ወይም 64 ኪሎባይት ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ከርነል ውስጥ «ኤንአር_ፔጅስ» እና «ኤንአር_ሴክተርስ» የሚሉ ስሞችን በየቦታው የምታገኘው፤ «ኤንአር» ብዛት ማለት ነው።

«ፍላግ» ላይ ብዙ አልቆይም። ሲነበብ ዓረፍተ ነገር የሚሆን ስም ስጠው፤ «ኢዝ_ሱስፔንድድ» (ለጊዜው ቆሟል) ቢባል እውነት ሲሆን ምን እንደሆነ ራሱ ይናገራል። አሉታዊ ስም ግን አትስጠው። «ኖት_ሬዲ» ብለህ ፊቱ ላይ የቃለ አጋኖ ምልክት (ኮዱ ውስጥ «አይደለም» ማለት ነው) ስትጨምርበት፣ «ዝግጁ አለመሆን የለም» የሚል ነገር ይወጣል። ሌሊት በስምንት ሰዓት ባግ የሚፈልግ ሰው እዚያ ላይ ይሳሳታል።

«እነሱ ‹አይ› እና ‹ቴምፕ› ይጽፋሉ» ላልከው፣ ልክ ነህ፣ ይጽፋሉ። ግን ደንብ አለው። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ የጻፈውና ከከርነሉ ኮድ ጋር አብሮ የሚሄደው የአጻጻፍ መመሪያ ይህን በግልጽ ያስቀምጠዋል። ፈንክሽን ውስጥ ብቻ የሚኖር ስም አጭር ይሁን፤ ተራ የሉፕ ቆጣሪ «አይ» ይባል፣ የሚያምታታ ነገር እስከሌለ ድረስ «ሉፕ_ካውንተር» ማለት ምንም አይጨምርም ይላል። ከፋይሉ ወጥቶ ሁሉም የሚጠራው ፈንክሽን ግን ራሱን የሚገልጽ ስም ይኑረው፤ «ካውንት_አክቲቭ_ዩዘርስ» በማለት ፈንታ ፊደሎቹን ቆርጦ «ሲኤንቲዩኤስአር» ማለት አይፈቀድም። ስለዚህ መለኪያው ርቀት ነው። ስሙ የተወለደበትና የሚሞትበት መስመር አንድ ስክሪን ላይ አብረው ከታዩ አጭር ስም አይጎዳም። የአንተ «ቫል» ሬጅስተር (የሃርድዌሩ ትንሽ ማስቀመጫ) ተነብቦበት፣ አንድ ቢት ተቀይሮበት፣ በሦስተኛው መስመር ተመልሶ ከተጻፈ ማንም አይነካህም፤ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ሪቪወሩ የጠየቀህ ፈንክሽኑ መጨረሻ ድረስ ይዘኸው ስለሄድህ ይመስለኛል።

ይኸው መመሪያ የቫሪያብሉን ታይፕ (የሚይዘውን የዳታ ዓይነት) ስሙ ውስጥ መክተትንም አጥብቆ ይቃወማል። ታይፑን ኮምፓይለሩ ያውቀዋል። ስሙ መናገር ያለበት ኮምፓይለሩ የማያውቀውን ነው፤ መለኪያውን፣ የማን እንደሆነ፣ እውነት ሲሆን ምን ማለት እንደሆነ። «ቼክፓች» የሚባለው መፈተሻም ትንሹንና ትልቁን የላቲን ፊደል ቀላቅለህ ስም ስትሰጥ ያስጠነቅቅሃል እንጂ፣ ታይምአውትህ በምን እንደሚለካ ሊያውቅ አይችልም። ይህን ሊጠይቅህ የሚችለው ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ሰው ጊዜውን ሰውቶ ሲጠይቅህ አትናደድ። ሦስቱን ቀይርና ሁለተኛውን ዙር ላክ።

ከባሕር ዳር

«ጋሼ ጤና ይስጥልኝ። አንድ ‹ሪዘልት› የሚል ቫሪያብል ነበረኝ። የተነበበውን ባይት ቁጥርም የስህተት ኮዱንም እሱ ውስጥ ነው የማስቀምጠው። ሪቪወሩ ለሁለት ክፈይው አለኝ። ሜሞሪ ማባከን አይሆንም?»

እህቴ፣ ሜሞሪው አያሳስብሽ። ኮምፓይለሩ ሁለት ስም ስላየ ብቻ ሁለት ቦታ አይዝም፤ አንዱ ሥራውን ሲጨርስ ሌላው በእሱ ቦታ ሊገባ ይችላል።

የሚያሳስበው ሌላ ነው። ከርነል ውስጥ የሚያነቡ ፈንክሽኖች ብዙ ጊዜ ሲሳካላቸው የባይት ቁጥር፣ ሳይሳካላቸው አሉታዊ የስህተት ኮድ ይመልሳሉ። አንድ ስም ሁለቱንም ሲይዝ ከአሥር መስመር በኋላ የትኛው እንዳለበት ማን ያስታውሳል? ከዚህ የባሰም አለ። «ሪዘልት»ን ባይት መቁጠሪያ ነው ብለሽ አሉታዊ ቁጥር የማይቀበል ታይፕ ከሰጠሽው፣ «ከዜሮ ካነሰ ስህተት ነው» የሚለው መፈተሻሽ መቼም እውነት አይሆንም። ስህተቱ በጣም ትልቅ የባይት ቁጥር መስሎ ያልፋል። ስለዚህ አንዱን «ኤረር» በይው፣ ሌላውን «ባይትስ_ሪድ»። ከከፈልሽው በኋላ ለእያንዳንዱ ትክክለኛውን ታይፕ መስጠት ቀላል ነው።

እግረ መንገዴን ስለ ፈንክሽን ስምም ልንገርሽ፤ ከዚሁ ጋር ይሄዳል። በከርነሉ መመሪያ መሠረት ስሙ ትእዛዝ ከሆነ፣ ለምሳሌ «አድ_ወርክ»፣ ዜሮ ማለት ተሳካ ነው፣ አሉታዊ ቁጥር ደግሞ ስህተት። ስሙ ጥያቄ ከሆነ፣ ለምሳሌ «ፒሲአይ_ዴቭ_ፕረዘንት»፣ አንድ ማለት አዎ፣ ዜሮ ማለት የለም ነው። ልብ በይ፣ ዜሮ በአንዱ ደህና ነው፣ በሌላው የለም ነው። ስሙን አይቶ የትኛው እንደሆነ ማወቅ የማይችል ሰው «ኢፍ» ውስጥ ሲያስገባው ተገልብጦ ይገባበታል። እንዲህ ያለ ስህተት ኮምፓይል ይሆናል፣ ይነሳል፣ ይሮጣልም፤ የሚገኘው ዘግይቶ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ለቫሪያብል ወይም ለፈንክሽን ስም ማግኘት ከከበደሽ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የቃላት እጥረት አይደለም። ፈንክሽኑ ብዙ ነገር እየሠራ ነው። መመሪያው አንድ ፈንክሽን ውስጥ ያሉ ቫሪያብሎች ከ5 እስከ 10 እንዳይበልጡ ይላል፤ ከበለጡ ቁረጪው። ቁራጮቹ የሚሠሩት አንድ አንድ ነገር ስለሆነ ስማቸው አያስቸግርሽም።

ከሞጣ

«ክቡር አዘጋጅ፣ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ የቫሪያብል ስም በአማርኛ ቃል፣ በላቲን ፊደል ይጽፋሉ። ልከልክላቸው ወይስ ልተዋቸው?»

መምህር፣ አይከልክሏቸው። ገና ለሚማር ልጅ «ድምር» እና «ቀሪ» ከማያውቀው እንግሊዝኛ ይሻሉታል፤ ሐሳቡን በራሱ ቋንቋ ጥርት አድርጎ መሰየም የለመደ ልጅ ልማዱን ይዞት ይሄዳል። አንድ ነገር ብቻ ያስተካክሉላቸው። አማርኛን በላቲን ፊደል ስንጽፍ ሁላችንም በየራሳችን ነው። «ቆጠራ»ን አንዱ በኪው ይጀምረዋል፣ ሌላው በኬ። አንድ ፕሮጀክት ላይ አብረው ሲሠሩ ስሙን ፈልገው አያገኙትም። ክፍሉ አንድ ዓይነት አጻጻፍ ይስማማና በዚያው ይሂድ።

ከርነል ላይ ለመሥራት የሚፈልግ ተማሪ ካለዎት ግን ከመጀመሪያው በእንግሊዝኛ ይሰይም። ያን ኮድ የሚያነቡት ሰዎች በመላው ዓለም ያሉ ናቸው።

ከእንጅባራ

«እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። ስም ስሰጥ ስፔሊንግ እሳሳታለሁ። አንድ ጊዜ ሪቪው ላይ ሁለት ሦስት ሰው አርሞኝ አፍሬ ተውኩት።»

አትተወው! ይህ ሰው የሚተውበት ነገር አይደለም። ኬን ቶምፕሰንን ታውቀዋለህ፤ ሊኑክስ የተከተለውን የቆየ ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ ዩኒክስን፣ ከፈጠሩት ዋናው ነው። አዲስ ፋይል የሚፈጥረው ሲስተም ኮል (ፕሮግራም ከርነሉን የሚጠይቅበት ጥሪ) «ክሪኤት» መጨረሻው ላይ የኢ ፊደል ጎድሎት ነው የተሰየመው። ዩኒክስን እንደገና ብትሠራው ምን ትቀይር ነበር ሲባል፣ ያቺን ኢ እጨምር ነበር ብሏል። እስከ ዛሬ ሊኑክስ ውስጥ እንደጎደለች አለች። በድረ ገጾች መገናኛ ደንብ ውስጥም «ከየት መጣህ» የሚለው መስክ ስሙ ስፔሊንግ ተሳስቶ ገብቶ በዚያው ቀርቷል። እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው የሆኑ ሰዎችም ይሳሳታሉ።

ከዚህ የምትወስደው ግን አለ። ፈንክሽን ውስጥ ያለ ስም ነገም ከነገ ወዲያም ይታረማል። ከከርነሉ ወጥቶ ለተጠቃሚው ፕሮግራም የሚታይ ስም ግን አይታረምም፤ ለምሳሌ «ሲስኤፍኤስ» (ከርነሉ ስለ መሣሪያዎች መረጃ በፋይል መልክ የሚያሳይበት ቦታ) ውስጥ የምትከፍተው የፋይል ስም። አንድ ፕሮግራም ያን ስም ተማምኖ ከተጻፈ በኋላ ብትቀይረው ፕሮግራሙ ይሰበራል፤ የሊኑክስ ከርነል ደግሞ የተጠቃሚን ፕሮግራም አንሰብርም በሚለው አቋሙ የታወቀ ነው። ስለዚህ ጭንቀትህን ለእነዚህ አድርገው። ከመላክህ በፊት መዝገበ ቃላት እይ፣ ለአንድ ጓደኛህም አሳየው። ሪቪው ላይ ሰዎቹ ያረሙህ ኮድህን እስከ ፊደሉ ድረስ ስላነበቡት ነው።

ከዳንግላ

«እኔ ደግሞ በተቃራኒው ነኝ፤ የምገመግመው እኔ ነኝ። የአንድ ልጅ ኮድ ላይ ‹ስሞቹ አይረቡም፣ አስተካክል› ብዬ ጻፍኩለት፣ አኮረፈኝ። አሁን ይሉኝታ ይዞኝ ሌላው ላይም ዝም እላለሁ። ምን ይሻላል?»

ወንድሜ፣ ዝምታው ከመጀመሪያው አስተያየት የከፋ ነው። ይሉኝታ ይዞህ ያለፍከው ስም ነገ የሌላ ሰው ራስ ምታት ይሆናል፣ ልጁም ሳይማር ይቀራል። ግን «አይረቡም» ማለትም ጥሩ አይደለም፤ ልጁ ከዚያ ውስጥ የሚሠራበት ነገር አያገኝም። የትኛው ስም? ለምን? ምን ይባል?

የገባህንና ያልገባህን ጻፍለት። ለምሳሌ እንዲህ፦ «‹ሌን› እዚህ ባይት ነው ወይስ ፔጅ? ላይ ከ‹ፔጅ_ሳይዝ› ጋር ስታባዛው ፔጅ መሰለኝ። ታች ግን ሳይባዛ ‹ኮፒ_ፍሮም_ዩዘር› ውስጥ ይገባል፣ እሱ ደግሞ ባይት ነው የሚጠብቀው። ፔጅ ከሆነ ‹ኤንአር_ፔጅስ› ብትለውና ባይቱን ለብቻው ‹ሌን_ባይትስ› ብለህ ብታሰላው?» እስቲ ይህን አንብበው። ልጁን የሚነካ አንድም ቃል የለውም። አንባቢው የት እንደተደናገረ መስመሩን ይዞ ያሳያል፣ ስም ያቀርባል። ደግሞም ከስም አልፎ ሄዷል፤ ኮዱ ከሚፈለገው ያነሰ ባይት ነው የሚገለብጠው። ስለ ስም ስትጠይቅ ባግ አገኘህ። ልጁም ይህን ሲያይ አያኮርፍም፣ ያመሰግናል።

ግድ የሆነውንና ምርጫ የሆነውን ለይለት። መለኪያ ያልተናገረ ስም፣ ሁለት ትርጉም የያዘ ስም፣ ከሥራው ጋር የሚቃረን ስም፣ እነዚህ መቀየር አለባቸው፤ በግልጽ እንዲህ በል። «እኔ ብሆን ‹በፍ› ሳይሆን ‹በፈር› እለው ነበር» የሚለው ግን ጣዕም ነው፤ ወይ ተወው፣ ወይ «ይህ የእኔ ምርጫ ነው፣ ብትተወውም ይሁን» ብለህ ጨምርበት። ያ የከርነል ክፍል የለመደውንም አክብር። ኔትወርክ ላይ የሚሠሩት ፓኬት የሚይዘውን ነገር «ኤስኬቢ» ይሉታል፤ ለአዲስ ሰው ግራ ነው፣ ለእነሱ ግን እንደ ስማቸው ነው። እዚያ ሄደህ ረጅም ስም ብታመጣ አዲሱ ስም ነው የሚያደናግራቸው።

አስተያየትህን በአንድ ዙር ስጥ። ዛሬ ሁለት ስም፣ በሚቀጥለው ሌላ ሦስት እያልክ የምታመላልሰው ከሆነ ልጁ ቢሰለች አይፈረድበትም። የቆየ ኮድ ስም ስላላማረህ ብቻ ሁሉንም ቀይር ብለህም አትላከው፤ ስም ብቻ የሚቀይር ትልቅ ፓች ለቆዩ የከርነል ስሪቶች ማስተካከያ የሚያሻግሩትን ሰዎች ሥራ ያበላሻል፣ አንድ መስመር መጀመሪያ ለምን እንደተጻፈ መፈለግንም ያከብዳል። የግድ መቀየር ካለበት ከሎጂክ ለውጡ ተለይቶ በራሱ ፓች ይምጣ።

ያኮረፈውን ልጅ ደግሞ ደውልለት። «የዛን ጊዜ በደንብ አላብራራሁልህም» በለውና መስመር በመስመር አብራችሁ እዩት። ፊት ለፊት ሲሆን ይቀላል።

ከፍኖተ ሰላም

«‹ማስተር› (ጌታ) እና ‹ስሌቭ› (ባሪያ) የሚሉ ስሞችን አትጠቀም ተባልኩ። መጽሐፉ ውስጥ ግን እንደዚያ ነው የተማርነው።»

እ.ኤ.አ. በ2020 የከርነሉ መመሪያ ለአዲስ ኮድ እነዚህን ስሞች አትጠቀሙ፣ ምትካቸውን ምረጡ ብሏል፤ እንደ ሥራው «ፕራይመሪ» እና «ሴኮንደሪ»፣ ወይም «ኮንትሮለር» እና «ዲቫይስ» ማለት ትችላለህ። ቀድሞ ለተጠቃሚ ፕሮግራም የወጣ ስም ከሆነ፣ ወይም በዚያን ጊዜ የነበረ የሃርድዌር ወይም የፕሮቶኮል ሰነድ ያንኑ ቃል የሚያስገድድ ከሆነ ይታለፋል። ሰውን በባርነት ስም መጥራት ምን ያህል እንደሚያቆስል እኛም አገር እናውቃለን፤ አዲሱን ስም ደስ ብሎህ ጻፈው።

ከቡሬ

«ሦስት ሆነን አንድ ድራይቨር እንጽፋለን። ስህተት ሲመጣ ወደ ታች የምንዘልባቸውን የ‹ጎቶ› ምልክቶች ‹ኤረር1›፣ ‹ኤረር2›፣ ‹ኤረር3› ብለናቸዋል። ይህም ይቀየር ተባልን። ቁጥር ምን አጠፋ?»

ልጆች፣ «ጎቶ» መጠቀማችሁ ትክክል ነው፤ ከርነል ውስጥ የያዝከውን ነገር በቅደም ተከተል ለመልቀቅ የተለመደው መንገድ ይኸው ነው። ቁጥሩ የሚያጠፋው አዲስ ነገር ስትጨምሩ ነው። ነገ በአንደኛውና በሁለተኛው መሀል አንድ ሜሞሪ መያዝ አስፈለጋችሁ እንበል። ወይ ሁሉንም ቁጥር ትገፋላችሁ፣ ወይ አራትን በአንድና በሁለት መሀል ትሰነቅራላችሁ። አንዱ ዝላይ አሮጌውን ቁጥር ይዞ ይቀራል፤ ያልተያዘ ሜሞሪ ይለቀቃል፣ ወይም የተያዘው ሳይለቀቅ ይቀራል። በዚያ ላይ «ጎቶ ኤረር2» የሚለውን ያነበበ ሰው ትክክል ይሁን አይሁን ለማወቅ የግድ ታች ወርዶ ማየት አለበት።

ምልክቱን በሚሠራው ሥራ ጥሩት፤ «አውት_ፍሪ_በፈር»፣ «አውት_አንሎክ»። እንደዚያ ሲሆን «በፈሩን ገና ሳልይዝ ለምን በፈር ወደሚለቀው እዘላለሁ?» ብላችሁ ራሳችሁ ታገኙታላችሁ። አሁኑኑ ሦስታችሁም አንድ ስክሪን ፊት ተቀመጡ። እያንዳንዱን ዝላይ ከላይ እስከ ታች እየተከተላችሁ ስም ስጡት፤ ስም ያጣችሁለት ዝላይ ካለ እዚያ ላይ ቆማችሁ ኮዱን መርምሩ።